አርባ ፓናል፣ አንድ ቁጥር

ሐሰተኛ ሰው የሚታሰረው ራሱ ፈትሎ ራሱ በቋጠረው ገመድ ነው፤ የተበደለው ሰው ድርሻ ገመዱ እስኪጠብቅ ድረስ ዐይኑን ሳይነቅል መጠበቅ ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ በመጀመሪያው ቀን ጮኸው በሁለተኛው ቀን ይደክማሉ፤ በዳዩም ጩኸቱ ሲበርድ ምሕረት የተደረገለት ይመስለዋል። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን አልጮኸችም፤ አልደከመችምም።

ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ጋር በባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖር ነበር። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ጥቅሎቿ፣ በኋለኛው ደግሞ የእናቷ አልጋ ነበሩ። እናትየው ሠላሳ አራት ዓመት በአዋላጅነት ያገለገሉ፣ ከከተማው ሰው ግማሽ ያህሉን ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበሉ ሴት ናቸው። በስተርጅና ሳንባቸው ደከመና ሐኪሞች ከኦክስጅን መሣሪያ እንዳይለዩ አዘዙ። መሣሪያው በመብራት ይሠራል፤ መብራቱ ደግሞ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል። ልጅቱ ስለዚህ ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ኃይል ፓናል ለማስተከል ቆረጠች። ከማን እንደምትገዛ አላመነታችም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነውና ወደ አጎቷ ልጅ ሄደች።

የአጎቷ ልጅ በከተማው ትልቁ የሶላር ነጋዴ ነበር። የሚሸጠውን ሁሉ «የሃያ አምስት ዓመት ዋስትና» እያለ ስለሚሸጥ ሰው ስሙን ትቶ «ዋስትናው» ይለዋል። ሚስቱን ሲያገባም ለአማቶቹ ሃያ አምስት ዓመት ዋስትና ፈርሞ ሰጥቷል እየተባለ ይቀለድበት ነበር፤ እርሱም አብሮ ይስቃል።

«ለእትዬ ነው?» አለ፣ ገና ከበሩ ስትገባ። «ለእትዬማ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን ዐይንሽም እንዳያየው። የእኔን እትብት የቆረጡ እጆች ናቸው።»

«ፓናልም ደረጃ አለው እንዴ?»

«ሰው ደረጃ ካለው ፓናል ምን ያንሰዋል? ይኸው፣ ጀርባውን እዪው፤ አንደኛ ደረጃ ይላል።»

ግድግዳው ላይ ለማሳያ የተሰቀለውን አልነካም። ከመጋዘኑ አንድ አስወጥቶ ደጃፉ ላይ ወደ ፀሐይ አዞረና የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስነካው። መለኪያው ሠላሳ ስምንት ቮልት ተኩል አሳየ።

«እንደ ፈረስ ነው፤ አልያዝም ብሎ ይጋልባል» አለ።

በዚያ ከተማ ፓናል የሚገዛ ሁሉ የሚያውቀው ፈተና ይኸው ነበር። ፓናሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ቮልቱ ይነበባል፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ገዢው በደስታ የሻጩን እጅ ይጨብጣል። ልብስ ሰፊዋም ጨበጠች፤ ስድስት ፓናል አሸክማ ሄደች። የተሰጣት ደረሰኝ «ሶላር ስድስት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረበትም።

በበጋው ወራት ፀሐዩ ስለበረታ ጉድለቱ አልታየም። የደመናው ወር ሲገባ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተበላሽቶ ከተማው አራት ቀን በተከታታይ መብራት አጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከፓናሎቹ የሚሞላው ባትሪ መሟጠጡን የሚናገረው ደወል ጮኸ። ልጅቱ ለአጎቷ ልጅ ስልክ ደወለች።

«ደመና ነው እኮ፣ እህቴ» አላት። «ትንሽ ታገሺ፤ ሲገልጥ ይሞላል።»

የኦክስጅን ሲሊንደር ለመለመን ወደ ሆስፒታል ሮጠች። ስትመለስ መሣሪያው ዝም ብሏል፤ እናቷም አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ፣ አንድ እጃቸው መስኮቱን ለመክፈት እንደተዘረጋ፣ ትንፋሻቸው ወጥቷል።

ዋስትናው ለለቅሶው ጥቁር ለብሶ መጣ። የሐዘንተኞቹ መሐል ገብቶ፣ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ፀሐይን እኔ አልሠራኋት፤ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አለ። አንዳንዶች አንገታቸውን ነቀነቁለት። ልብስ ሰፊዋም ሰማች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገሩን እንድትመረምር ያነሣሣት ጎረቤቷ ነው። ይህ ጡረታ የወጣ ሾፌር ጣሪያው ላይ ያለው ፓናል አራት ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያ አራት የደመና ቀናት መብራቱ በርቶ ሬዲዮኑን ሲያዳምጥ ሰንብቷል። ደመናው የአንድ ሰፈር ደመና ነው፤ ታዲያ የእርሱ አራት ሲሠራ የእርሷ ስድስት ለምን ከዳ? ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ፓናሎቹን አስወርዳ በጋሪ አስጭና፣ መነጽራቸውን በክር አስረው የመበየጃ ካውያ ይዘው ከሚውሉት ሽማግሌ የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደቻቸው።

«ሲሸጥልሽ በምን ለካው?» አሏት።

«በቮልት፣ ጋሼ። ሠላሳ ስምንት ተኩል ነበር።»

«ቮልት ምላስ ነው፣ ልጄ። የሞተ ፓናልም ያወራል። ጉልበቱን ማወቅ ከፈለግሽ አምፔሩን ነው መለካት።»

ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሽማግሌው ፓናሉን ፀሐይ ላይ አንጋለው መለኪያቸውን አገናኙ። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዘጠኝ ተኩል አምፔር ይላል፤ መለኪያው ከሦስት አላለፈም። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብተው መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረዱና በፓናሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለቀው በአሮጌ ካሜራ አሳዩዋት። ጤነኛ ሴሎች በካሜራው መስኮት ፈካ ብለው ይታያሉ፤ የተሰነጠቁት ይጠቁራሉ። የእርሷ ፓናል ከዳር እስከ ዳር በድርቅ የተተረተረ መሬት ይመስል ነበር።

«ደረጃው አራት ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንደኛው እንከን የለበትም፣ ኃይሉም የተጻፈውን ያህል ነው። ሁለተኛው መልኩ ላይ ጭረት ወይም የቀለም ልዩነት አለው፤ ኃይሉ ግን ሙሉ ስለሆነ ሻጩ እውነቱን ነግሮሽ ከገዛሽው ለቤት አያሳፍርም። ሦስተኛው የተሸራረፈ ነው፤ ኃይሉም ጎድሏል። አራተኛውን ፋብሪካው ራሱ እንደ ስብርባሪ በኪሎ ነው የሚያስወግደው። ይኼ የአንቺ አራተኛው ነው። ቁርጥራጩን ቀጣጥለው መስታወት አለበሱት።»

«ጀርባው ላይ አንደኛ ደረጃ ይላል እኮ።»

«እኔስ ጀርባዬ ላይ ‹ሃያ ዓመቱ ነው› የሚል ወረቀት ብለጥፍ ማን ይከለክለኛል? ይልቅ የደህና ፓናል ቁጥር ሁለት ቦታ ነው የሚገኘው፤ አንዱ ከመስታወቱ ሥር፣ ሁለተኛው ጀርባው ላይ። ሁለቱ ካልገጠሙ አይገዛም። ይህ ከመስታወቱ ሥር ምንም የለው። እስቲ የጀርባውን አንብቢልኝ፤ ዐይኔ አይደርስም።»

«ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሦስት።»

«ሁለተኛውስ?»

አዞረችው። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም አዞረች። «ስድስቱም አንድ ቁጥር ናቸው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ የአንዱን ደህና ፓናል ወረቀት አባዝቶ ነው የለጠፈው» አሉና ካውያቸውን አስቀመጡ። «እናትሽ በደመና አልሞቱም።»

ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመለከተች። ዋስትናው ተጠርቶ መጣና ጸሐፊው ፊት እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ይህ ዕቃ የእኔ አይደለም» አለ። «ከየት እንደ ለቀመችው አላውቅም። ሐዘን ነው፤ አልፈርድባትም። ሐዘን ጭንቅላት ይነካል።»

ጸሐፊው ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለነበር የክህደት ቃሉን በጽሑፍ አሰፈረው፦ መለያ ቁጥሩ ሰባት አራት ዜሮ ዘጠኝ አንድ ሦስት የሆነ ፓናል በመደብሬ ኖሮ አያውቅም፤ ለማንም ሸጬ አላውቅም። ዋስትናው ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ። ደንበኞቹ የማያነብቡ በመሆናቸው ሲከብር የኖረ ሰው፣ ከጊዜ በኋላ ራሱም ማንበብ ትቶ ነበር። ደረሰኙ ቁጥር ስለሌለው ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

ዋስትናው የጽሕፈት ቤቱ መውጫ ደረጃ ላይ ጠበቃት። «በዘመድ ወግ ብትመጪ እቀይርልሽ ነበር» አላት። «ስሜን ልታጠፊ ከተነሣሽ ግን እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ ኑሪ።»

ትታው ሄደች። ቤቷ ገብታ ስድስቱን ፓናሎች ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ደረደረቻቸው፤ ከሥራዋ ቀና ባለች ቁጥር ፊት ለፊቷ ናቸው። ወረቀታቸውም ወደ እርሷ ነበር። መርፌ ስትሰካ፣ ጨርቅ ስትቀድ፣ ቁልፍ ስትተክል ያንን ቁጥር በልቧ ትደግመው ጀመር። ዘመዶች እየመጡ ይቅር እንድትል መከሯት። «ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ ልኳችኋል?» ስትላቸው ተሰናብተው ወጡ። ይቅርታ ለጠየቀ ሰው የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ላልጠየቀ ሰው ቢወረውሩለት ግን ረግጦት ያልፋል። እርሷም ይህን ስለምታውቅ ጥላቻዋን እንደ ጥሩ ጨርቅ አጥፋ፣ ብል እንዳያገኘው እየገለጠች እያየች፣ ዓመት ከሁለት ወር አኖረችው።

እናቷ ያገለገሉበት የእናቶች ማዋለጃ ጣቢያ አንሶላና መጋረጃ የሚሰፋው በእርሷ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ በሟቿ እጅ ሙያውን የተማረች አዋላጅ ስትሆን፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር እንደ እኅትማማች ያደጉ ናቸው። ያን ጊዜ ጣቢያው አርባ ፓናል ለመግዛት ጨረታ አወጣ።

«ያንን ሰውዬ ከጨረታው ላስወጣው?» አለች ኃላፊዋ።

«አታስወጪው፣ ሲስተር። ይግባ።»

«ሴቶች የሚወልዱበት ቤት እኮ ነው። በእናንተ ቤት የሆነው እዚህ ይሁን?»

«ጣሪያ ላይ ሳይወጣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይለካ። ውሉ ላይ አስገቢው። የእያንዳንዱ ፓናል ቁጥር ይነበባል፣ አምፔሩ ይለካል፣ አንዱ ሐሰት ቢሆን ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል በዪ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይሁን፤ እዚያ አይደርስም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ሲፈርም አይቼዋለሁ።»

ቁጥር ማንበብ ለጣቢያው አዲስ ነገር አልነበረም። ከዓመታት በፊት ሁለት ሕፃናት ሊለዋወጡ ሲሉ ለጥቂት ከተረፉ ወዲህ፣ ሟቿ አዋላጅ የማይሻር ሥርዓት ተክለዋል። አንዷ አዋላጅ የሕፃኑን የእጅ ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ትመዘግባለች፣ ሦስተኛዋ መልሳ ታነባለች። ውሎ አድሮ ሥርዓቱ ወደ ዕቃውም ተሻግሮ መቀሱም ብርድ ልብሱም ሚዛኑም በዚሁ መንገድ ይመዘገብ ነበር።

ዋስትናው ከሁሉ ያነሰ ዋጋ አቅርቦ አሸነፈ፤ ውሉንም ቆሞ ፈረመ። ለናሙና ያመጣው ከመደብሩ ግድግዳ ያወረደውን የማሳያ ፓናል ነው። ይህ እውነተኛ አንደኛ ደረጃ ነበር። ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፤ አምፔሩም ሲለካ ዘጠኝ ተኩል መጣ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ቁጥር ከጀርባው ጋር ገጠመ። ከጣቢያው አዋላጆች አንዷ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፦ ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሦስት።

ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ መጋረጃ እየዘመዘመች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ክር ሰካች። ሰውየው እንደሄደ ኃላፊዋ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«ያ ቁጥር ነው፤ አይደለም? በመደብሬ ኖሮ አያውቅም ብሎ የፈረመበት ነው። ፋይሉን እናስወጣና ዛሬውኑ እንያዘው።»

«አንድ ከሆነ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ብሎ ይወጣል። ወረቀቱን ያባዛው ከዚህኛው ላይ ነው ማለት ነው፤ አርባውንም በዚሁ ወረቀት ነው የሚያመጣቸው። ያምጣቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ታስፈሪያለሽ።»

«እርሱን ካስፈራሁት ይበቃኛል።»

ርክክቡ በተቀጠረበት ቀን ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረችበትም። ዋስትናው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። አርባው ፓናሎች ከመኪናው ወርደው በግቢው ተደረደሩ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በታዛቢነት ተጋብዞ ፋይል ታቅፎ ተቀምጧል፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ሽማግሌው የሬዲዮ ጠጋኝ መለኪያቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑረዋል። ተራ የሚጠብቁ ነፍሰ ጡሮች ጥላው ሥር በአግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ መሐላቸው ተቀመጠች።

አዋላጇ የመጀመሪያውን አነበበች፦ «ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሦስት።» ተመዘገበ፤ ተደገመ። ሁለተኛውን አነበበች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ከአግዳሚው አንዲት ነፍሰ ጡር ቀድማት ጨረሰችው። ዘጠነኛውን ሁሉም በአንድ ድምፅ አሉት።

ዋስትናው ሳቀ። «የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ እናቶቼ። ሁሉም አንድ ነው።»

«እዚህ ግቢ ሁለት ነፍስ አንድ ቁጥር ይዞ አያውቅም» አለች ኃላፊዋ። «መንታ እንኳ ለየብቻ ነው። አርባ መንታ ያመጣህልን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«አባትየውን ማየት ነው» አለች አንዷ ከአግዳሚው፤ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሽማግሌው አንዱን ፓናል ወደ ፀሐይ አዙረው ለኩ። «ሦስት» አሉ። ሌላ ለኩ። «ሁለት ከግማሽ። ወረቀቱ ዘጠኝ ተኩል ይላል።»

ዋስትናው ከኪሱ ቴስተር አወጣ። «ቮልቱን ይለኩታ፣ አባቴ። ቮልቱን።»

«ስታወራ ሰምተንሃል፣ ልጄ። አሁን የምንፈልገው ስትሠራ ማየት ነው።»

ይህን ጊዜ ጸሐፊው ተነሥቶ ፋይሉን ገለጠና ቃል በቃል አነበበ፦ መለያ ቁጥሩ ሰባት አራት ዜሮ ዘጠኝ አንድ ሦስት የሆነ ፓናል በመደብሬ ኖሮ አያውቅም፤ ለማንም ሸጬ አላውቅም። «ፊርማው የእርስዎ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ፈርሜያለሁ…» አለ ዋስትናው። «ግን አላነበብኩትም።»

የፊቱ ቀለም ጠፋ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አጥፎ ወደ ጥግ ሄደ። ዋስትናው ግቢውን በዐይኑ ሲያስስ ያገኘው የልብስ ሰፊዋን ፊት ነው። ወደ እርሷ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ደም ነን። አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ልጆች አሉኝ።»

«ዘጠኝ ነው የተነበበው» አለችው። «ሠላሳ አንድ ይቀራል። ቁምና ስማ።»

ኃላፊዋ በቃ ይያዝ ልትል ስትነሣ ልብስ ሰፊዋ በእጇ አስቀመጠቻት። ንባቡ ቀጠለ። ፀሐይዋ በግቢው አናት ላይ ቆማለች፤ ጥላ ያለው በሴቶቹ በኩል ብቻ ነው። ዋስትናው ክራባቱን አላላ፤ ቀጥሎም ኮቱን አወለቀ። ሃያኛው ላይ ወንበር ለመነ። ከፖሊሶቹ አንዱ ሊያመጣለት ሲል ልብስ ሰፊዋ «እናቴ ትንፋሽ ስትለምን ታገሺ ነው የተባልኩት» አለች፤ ፖሊሱም ተመልሶ ቆመ። በሠላሳዎቹ ውስጥ ሲደረስ ሰውየው ከቁጥሩ ጋር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ታየ። እርሷ ከመጀመሪያው እስከ አርባኛው ዐይኗን ከእርሱ ላይ አልነቀለችም፤ አንድም አልዘለለችለትም። አርባኛው ተመዝግቦ መዝገቡ ሲዘጋ ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

መደብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈተሸ። ከመጋዘኑ ጀርባ ያ አንድ ቁጥር የታተመበት ሁለት ጥቅል ተለጣፊ ወረቀትና በኪሎ የተገዛ የፋብሪካ ስብርባሪ ተገኘ። ሽማግሌው የሬዲዮ ጠጋኝ ስድስቱን ፓናሎች ችሎት ፊት ለኩ፤ ወረቀታቸውም ከጥቅሎቹ ጋር ተመሳከረ። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በማታለል፣ ሐሰተኛ ምልክት በማዘጋጀትና በቸልተኝነት የሰው ሕይወት በማጥፋት ጥፋተኛ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት ፈረደበት። የንግድ ፈቃዱ እስከ መጨረሻው ተሰረዘ፤ መደብሩ ታሸገ፤ ፓናሎቹ በአደባባይ ተሰባበሩ። ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም ተቀባይነት አላገኘም።